ገልብጦ ለመላክ የሚመች ጥያቄ አትስጡ

ክቡር አዘጋጅ፦

ለተማሪዎች በኦንላይን የሚሰጡ «መርምራችሁ ድረሱበት» የሚሉ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ ተገልብጠው የሚመለሱት ተማሪው ስለሰነፈ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ለመገልበጥ ስለሚመች ነው። «ፔንዱለም ምንድን ነው?» የተባለ ልጅ ፈልጎ ገልብጦ ቢልክ የታዘዘውን ፈጽሟል። «ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚወስነው የክሩ ርዝመት ነው ወይስ የዕቃው ክብደት? በለካችሁት አስረዱ» ሲባል ግን ዕቃ በክር አንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ግድ ይሆንበታል።

በርኒ ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቀው፣ ተማሪዎች ከኢንተርኔት ምንጮች ተነሥተው ጥያቄ የሚመረምሩበት ዌብኩዌስት የተባለ አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ምንጮቹን መምህሩ አስቀድሞ ስለሚመርጥ የተማሪው ጉልበት በፍለጋ አያልቅም። ሦስት ወይም አራት የተፈተሹ ሊንኮች ይበቃሉ።

ቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቀን የምንናገረው አለን። ተማሪው ግምቱን ከነምክንያቱ ጽፎ ሳይልክ የልኬቱ መመሪያ አይከፈትለት። ግምቱ ካልተመዘገበ ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር» ይላል፤ የተሳሳተ ግንዛቤውም ሳይነካ ያልፋል።

መመሪያው ደግሞ ዝርዝር ይሁን። «በነፃነት ይሞክሩ» ብሎ ጀማሪን መልቀቅ ማስተማር አይደለም። ክሩንና ክብደቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ ተማሪ ልዩነቱን የቱ እንዳመጣው ማወቅ አይችልም። ርዝመቱ ክሩ ከታሰረበት እስከ ዕቃው መሐል ይለካ፤ ዕቃው ሲለቀቅም ብዙ ርቀት ወደ ጎን አይሳብ። የ25 ሳንቲሜትር ፔንዱለም ምልልስ 1 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ አንዱን ምልልስ ብቻ ለክቶ ማቆም አያዋጣም፤ ስቶፕዋቹን ለመጫን የሚዘገዩባት ቅጽበት ልኬቱን ታዛባለች። 10 ምልልስ ይዞ ለ10 ማካፈል ይህን ስህተት ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ክሩ 100 ሳንቲሜትር ሲሆን 2 ሰከንድ ገደማ ያገኛሉ፤ ርዝመቱ አራት እጥፍ አድጎ ጊዜው ግን እጥፍ ብቻ። መምህሩ ይህን ቀድሞ ከተናገረ የሚመረመር ነገር አይቀርም።

የሁሉም ቡድን ቁጥር በአንድ የጋራ ሰንጠረዥ ይግባ። ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ሲመጣ አይሰረዝ፤ «እንዴት ለካችሁት?» ተብሎ ይጠየቅ። ከሁሉም የበለጠው ውይይት የሚነሣው ከዚህ ነው።

እርማቱም ከዚህ ጋር ካልሄደ ሁሉም ይፈርሳል። ነጥብ ለትክክለኛው መልስ ብቻ ከተሰጠ ተማሪው ቁጥሩን አስተካክሎ ይጽፋል። ከ10 ነጥብ 2ቱ ለመልሱ ይሁን፤ 8ቱ ለልኬቱና ድምዳሜው ከልኬቱ ስለመነሣቱ ይሰጥ።

ከፊዚክስ መምህራን