ግልጽ ደብዳቤ፦ የቢራውን ማስታወቂያ አውርዳችኋል፣ የበርገሩስ ጨው?

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን፣

ጤና ይስጥልኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ቦሌ አካባቢ ቢሮ የምሰራ ላጤ ነኝ፣ እራቴን የሚያመጡልኝ የሞተር ልጆች በሬን ሳይደውሉ ነው የሚያገኙት። አጀማመሬ እንዲህ ነው፣ አንድ ቀን አለቃዬ ሰው ፊት ሲጮህብኝ ዋለና ማታ በርገር ከነቺፕሱ አዘዝኩ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሁሉንም ረሳሁት፣ ከዛ በኋላ በከፋኝ ቁጥር ማዘዝ ሆነ። ሌሊት ቃር ይቀሰቅሰኛል፣ ጠዋት ተጎትቼ እነሳለሁ፣ ሰው ደህና አደርክ ሲለኝ ራሱ ያነጫንጨኛል፣ ማታ ደግሞ ትናንት በመብላቴ በራሴ እናደድና ንዴቱን ለማብረድ መልሼ አዛለሁ 😅

14 ኪሎ ጨመርኩ። ግፊትም መጣ፣ ሐኪሟ "ጨው ቀንስ" አለችኝ። እኔ እኮ ቤቴ ጨው የለም፣ እንኳን ጨው ሽሮም የለም! ጨዉ ያለው ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ ስንት እንደሆነ ግን ሜኑውም ላይ አፑም ላይ አይጻፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ላዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው፣ እኔ በምን ልለካው?

ጾም ሲገባ አረፍኩ ስል የጾም በርገር መጣ። ሥጋው ወጣ እንጂ ዘይቱ ያው ነው፣ ከስር የሚያነጥፉት ወረቀት ዘይቱን ጠጥቶ የስልክ መብራት ያሳልፋል።

"ራስህን ግዛ" የሚል አይጠፋም። በፈረንጆቹ 2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 20 ሰው አስገብተው ሁለት ሳምንት በጣም የተቀነባበረ የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ አቀረቡላቸው፣ የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር፣ የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ፣ በፋብሪካው ምግብ ጊዜ ግን በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፣ አንድ ኪሎ ገደማም ወፈሩ። እነሱ ሁሉ ሆዳም ነበሩ እንበል?

በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከቲቪና ከቢልቦርድ ሲያወርድ "ሰውን እንደ ህጻን ያዩታል" ብዬ ከተሳለቁት አንዱ ነኝ። አሁን ግን እኔው ልለምናችሁ፣ በርገሩን ከልክሉ አላልኩም (ነገ ራሴ ላዝ እችላለሁ)፣ ሜኑና አፑ ላይ ከዋጋው አጠገብ የጨዉን ግራም አስጽፉልን። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟ ስትጠይቀኝ የምነግራት ቁጥር ይኑረኝ።

ከአክብሮት ጋር