ለአሮጌው የቁም ደረጃ ባለውለታዎች

ይድረስ፦ ደረጃውን ለሠራችሁ፣ በሩን ለጠበቃችሁ፣ ብረቱን ለቀባችሁ፣ ወለሉን ለጠረጋችሁ፣ በመጨረሻም በጥንቃቄ ፈታችሁ ትዝታውን ለመዘገባችሁልን ሁሉ።

አሮጌው የቁም ደረጃ፣ ደጋፊ ቆሞ ኳስ የሚያይበት የሜዳችን እርከን፣ የመጨረሻ ጨዋታውን አስተናግዷል። ብረቱ ተነቅሏል፣ አርማታው ፈርሷል፤ ፎቶው፣ ቲኬቱና ካሴቱም ተለቅሞ በየሣጥኑ ገብቷል። ይህን ሁሉ አንድም ሰው ሳይጎዳ ስለጨረሳችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። ተጫዋቾቹን ዛሬ አናነሳም፤ የእነሱ ጭብጨባ በየዘመኑ፣ በሰዓቱ ተከፍሏል። ያልተከፈለው የእናንተ ነው። ደጋፊ የድሮውን ደረጃ ሲያወራ ጎሉን፣ ዜማውንና ዝናቡን ያነሳል፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ የኖረው የእርከኑ ቁመትና የብረቱ አቀማመጥ ግን ከአፉ አይወጣም። እኛም እዚያው ላይ እንቆያለን።

መጀመሪያ ለለካችሁት። እርከን ቁመቱ ካነሰ ከኋላ የቆመው ሰው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው። ስለዚህ በእግሩ ጣቶች ይቆማል፣ ክብደቱም ወደፊት ያጋድላል። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ በጣቱ ሲቆም ሸክሙ የሚያርፈው ታች ባለው ላይ ነው። ቁመቱ ከበዛ ደግሞ የተገፋ ሰው ቀጣዩን እርከን ረግጦ መቆም አይችልም፤ ይወድቃል። ከ18 ሴንቲ ሜትር በላይ የማይኬደው ለዚህ ነው። የእግር መርገጫው ስፋትም ከ28 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የአዋቂ ተረከዝ አየር ላይ ይቀራል። አርማታውን ስታፈሱ ወደ ታችኛው እርከን ለዓይን በማይታይ መጠን ዘንበል አድርጋችሁታል፤ ውሃ ቢተኛበት ክረምት ከበጋ ያዳልጠን ነበር።

መተላለፊያውም እንዲሁ። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ከግራና ከቀኙ እርከን ዝቅ ብሎ የተሠራው በስህተት አይደለም። ሰው ሜዳው በማይታየው ቦታ አይቆምም። ቢጫ ቀለም ብቻውን መንገድ አያስለቅቅም፤ ዝቅ ያለ ወለል ግን ያለ ዘበኛ ያስለቅቃል። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ልቡ የደከመ ሰው ተሸክመው ሲያወጡ መንገዱ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ይህን ያሰበ ሰው ስለነበረ ነው። እጁ ይባረክ።

የመደገፊያ ብረቶቹ ታሪክ በደም የተጻፈ ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. (ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም እንዲሁ) ግላስጎው ውስጥ በአይብሮክስ ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጫወቱ የእንጨቱ ደረጃ ተደርምሶ 25 ሰዎች ሞቱ። ሜዳውን የነደፈው አርኪባልድ ሊች ከዚያ ወዲህ በእንጨት ቋሚ ላይ የተንጠለጠለ ደረጃን ትቶ ወደ አፈር ጉብታና አርማታ ዞረ፤ ሰዉን የሚከፋፍሉ ብረቶችንም አስቦ ሠራ። ጉዲሰን ፓርክ፣ ክሬቨን ኮቴጅ፣ ኦልድ ትራፎርድ የተባሉት ሜዳዎች የእሱ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። ብረቱ ከወለል አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ የሚለው የሰውን መሃል አካል እንዲይዝ ነው። ከዚያ ቢያልፍ የጎድን አጥንት ላይ፣ ሕፃንም ከሆነ ጉሮሮ ላይ ያርፋል። በየረድፉ እየተዛነፈ የሚተከለው ደግሞ ከላይ የጀመረ ግፊት እስከ ሜዳው አጥር የሚንደረደርበት ቀጥ ያለ መንገድ እንዳያገኝ ነው።

ታላላቆቻችን ለጀማሪ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነበር፦ ብረቱን ከፊትህ አታድርገው፣ ከኋላህ አድርገው። ሆዱን ብረት ላይ አስደግፎ የቆመ ሰው ጎል ሲገባ ከላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ ጀርባው ላይ ይመጣል። ጀርባውን ብረቱ ላይ ያስደገፈው ግን ማዕበሉ ብረቱ ላይ ተሰብሮ ይቀርለታል። ይህችን ምክር በየትውልዱ ያስተላለፋችሁ፣ የማታውቁትን ልጅ ክንዱን ይዛችሁ ቦታ ያስለወጣችሁ፣ ከእናንተ የበለጠ የምናመሰግነው የለም። ምክሩ ቦታው እስኪሞላ ድረስ ብቻ እንደሚሠራም ታውቁ ነበር። በእንግሊዝ መመሪያ ለቁም ደረጃ የተፈቀደው ከፍተኛው መጠን በ10 ካሬ ሜትር 47 ሰው ነው። እዚያ ላይ እጅ ለማጨብጨብ ይነሳል። ካለፈ ግን እጅህ ከጎንህ ይቀራል፣ ወዴት እንደምትሄድም የምትወስነው አንተ አትሆንም።

በረኞቹን እናመስግን። በረኛ ስንል ግብ ጠባቂውን አይደለም፤ ተሽከርካሪውን በር ስትጠብቁ የኖራችሁትን ነው። በአንድ ተሽከርካሪ በር በሰዓት የሚያልፈው ቢበዛ 660 ሰው ገደማ ነው፤ አምስት ሰከንድ ተኩል ለአንድ ሰው ማለት ነው። ቲኬት ያልያዘ፣ ዝርዝር ያጣ፣ ልጁን በትከሻው ያደረገ ሁሉ ከዚያች አምስት ሰከንድ ላይ ይቀንሳል። ጨዋታው ሊጀምር ሩብ ሰዓት ሲቀር ውጭ ያለው ሰልፍ ወደ ክምር የሚለወጠው ስለዚህ ነው። የእናንተ ውለታ መቁጠራችሁ ብቻ አይደለም፤ በየክፍሉ ለይታችሁ መቁጠራችሁ ነው።

ልዩነቱን የእንግሊዙ ሂልስቦሮ ስታዲየም በመራራ መንገድ አሳይቷል። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ሊጫወቱ ሲሉ በዚያ የቁም ደረጃ ይቆጠር የነበረው የጠቅላላው ቁጥር እንጂ በአጥር የተከለለው የየክፍሉ አልነበረም። የመውጫ በር ሲከፈት ሰዉ ፊት ለፊት ወደሚታየው ዋሻ መሰል መተላለፊያ ገባ፤ ዋሻው የሚያደርሰው ቀድሞውኑ ወደ ሞሉት ሁለት የመሃል ክፍሎች ነበር፣ ጎንና ጎን ያሉት ግን ገና ቦታ ነበራቸው። የዋሻውን አፍ የዘጋ ሰው አልነበረም። ከፊት ከፍ ያለ የሽቦ አጥር ነበር፤ በዝገት የተበላ አንድ መደገፊያ ብረትም ተሰበረ። 97 ሰዎች አለቁ። ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው የመርማሪ ዳኞቹ ጉባኤ የወሰነው በ2016 ነው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ለ27 ዓመታት ባይሟገቱ ኖሮ ዛሬም «ጥፋቱ የደጋፊዎቹ ነው» የሚለው ውሸት ይነገር ነበር፤ የቁም ደረጃ ትዝታ ያለው ማንኛውም ደጋፊ ለእነሱ የምስጋና ዕዳ አለበት። ይህን ሳያነሱ «ያ ዘመን እንዴት ደስ ይል ነበር» ማለት ለእኛ አይዋጥልንም።

ቢሆንም ደስ ይል ነበር። ዜማ ጀማሪዎች፣ ተራው የእናንተ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል፤ ርዝመቱ 100 ሜትር በሆነ ደረጃ ላይ ከአንዱ ዳር የተነሳ ጭብጨባ ሌላኛው ዳር የሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ዳር ላይ ሆኖ የጀመረ ሰው ዜማውን ለሁለት የሚከፍለው ጉልበት አንሶት አይደለም። እናንተ ግን መሃል፣ ከላይ፣ ጣሪያው ዝቅ ካለበት ስር ትቆሙ ነበር፤ ከዚያ የተነሳ ድምፅ ለሁለቱም ጎን እኩል ይደርሳል፣ ጣሪያውም መልሶ ወደ ሜዳው ይጥለዋል። በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ ያለው ኮፕ የተባለው የቁም ደረጃ በ1906 ሲሠራ ባዶ ጉብታ ነበር፤ ስሙም በ1900 ብዙ የዚያ አካባቢ ወታደሮች ካለቁበት የደቡብ አፍሪካ ኮረብታ ከስፒዮን ኮፕ የመጣ ነው። ጣሪያ ያገኘው በ1928 ነው። ስለ ኮፕ ድምፅ የሚያወራ ሰው ያን ጣሪያ ቢያመሰግን አይበዛበትም። ቆመው የዘመሩበት የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 30፣ 1994 ነበር፤ በኖርዊች 1 ለ 0 ተሸንፈው። ስንብት እንደተመኙት አይሆንም።

አሁን ወደ አፍራሾቹ። እናንተ ባትኖሩ ከትዝታው ግማሹ በቆሻሻ መኪና ይሄድ ነበር። የጣሪያውን አሮጌ ክዳን ሰው ሁሉ «ቁራጭ ስጡን» ሲል እንቢ ያላችሁት ትክክል ነበራችሁ፤ የዚያ ዘመን ሞገድ ጣሪያ ብዙው አስቤስቶስ ያለበት ሲሚንቶ ነው፣ ሲሰበርና ሲቆረጥ የሚበነው ክር ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ሙሉውን ቅጠል ሳይሰበር አርጥባችሁ፣ ጠቅልላችሁ አወረዳችሁ። ብረቶቹን ስትቆርጡም መጀመሪያ ያያችሁት እግራቸውን ነው። ቋሚው አርማታው ውስጥ በሚገባበት አንገት ላይ ውሃ ይተኛል፣ ከውጭ አምስት ጊዜ የተደራረበ ቀለም ያማረ መስሎ ከውስጥ ግን ባዶ ቱቦ ሆኖ ይጠብቃል። በመዶሻ ሲነካ ጤነኛው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል። እንዲህ ያለውን ግራይንደር ከማስነካት በፊት በገመድ አስራችሁ ከላይ መያዛችሁ ጣት አድኗል። ከወለሉ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ትታችሁ መቁረጣችሁም ለኋላው ጠቅሟል፤ እርከኑ ሲፈነቀል ጉቶው መያዣ ሆነ።

የአርማታ ቁራጭ የጠየቀው ብዙ ነበር፣ የገመተው ግን ጥቂት። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2,400 ኪሎ ይመዝናል። ጎንና ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 የሆነ «ትንሽ» ቁራጭ 22 ኪሎ ገደማ ነው፤ ፌሮ ካለበት ደግሞ ጨምሩበት። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን 2.4 ኪሎ፣ ልጅም ይሸከመዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፤ መጠኑን በዚህ ወስናችሁ ለሁሉም እንዲዳረስ አደረጋችሁ። ከፌሮው ራቅ ካለ ቦታ መቁረጣችሁም ብልህነት ነው። ዝገት ሲያብጥ አርማታውን ይሰነጥቀዋል፤ ያ ቁራጭ መደርደሪያ ላይ ውሎ አድሮ ይፈረካከሳል።

ትዝታ ለቃሚዎች፣ እናንተ ደግሞ ሌላ ሙያ ናችሁ። «ምን ያስታውሳሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው ከጋዜጣ የተነበበ ነገር ነው። እናንተ የደረጃውን ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ «በየትኛው በር ገቡ? ከየትኛው ብረት ጋር ቆሙ? ፀሐይዋ በየትኛው ዓይንዎ ላይ ነበረች?» አላችሁ። ጣት ንድፉ ላይ ሲያርፍ የጎረቤቱ ስም፣ የሹራቡ ሽታ፣ ያልተዘመረለት የግራ ተከላካይ ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። በዚያ በታዋቂው ጨዋታ ነበርኩ የሚለው ሰው ደረጃው ከሚይዘው በላይ ሲሆንም አላሳፈራችሁትም፣ አላመናችሁትምም፤ ከፕሮግራሙና ከቲኬቱ ጋር አስተያያችሁ።

ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ኔጋቲቩን ከ2,400 በላይ ስካን አድርጋችሁ ዋናውን ለባለቤቱ መለሳችሁ። ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፋችሁ እንጂ በእስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለም ወደ ፊት ይዘልቃል። ቲኬት ላይ ፕላስተር ያስለጠፈ፣ ላሚኔት ያስደረገ አልነበረም፤ ያ የማይመለስ ጥፋት ነው። ካሴቱን ከማጫወት በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ማጠንጠናችሁ የተጣበቀውን ፈትቶታል። ስድብ ያለበትን ዜማ ቆርጣችሁ አለመጣላችሁንም እናደንቃለን፤ ለብቻው ምልክት አድርጋችሁ አስቀመጣችሁ፣ ነበረና።

አርሰናል በ1992 የቀድሞ ሜዳው የሃይበሪን የቁም ደረጃ ኖርዝ ባንክን አፍርሶ ሲሠራ ግንባታውን ለመሸፈን የደጋፊ ፊት የተሳለበት ግዙፍ ሸራ ሰቅሎ ነበር፤ ሲያዩት አንድም ጥቁር ፊት አልነበረበትም፣ ኋላ ተስተካከለ። እናንተ ፎቶ ስትመርጡ ሴቶቹን፣ ልጆቹንና በየዳሩ የቆሙትን ፈልጋችሁ ያገኛችሁት ያን ስህተት ስለምታውቁ ይመስለናል።

አዲሱን የቁም ቦታ የተከላችሁትንም በአንድ ቃል እናመስግን። በየረድፉ ወገብ ላይ ብረት፣ ከብረቱ ጋር የሚታጠፍ መቀመጫ፣ ለአንድ መቀመጫ አንድ ሰው። ማዕበሉ ከአንድ እርከን አያልፍም። ሴልቲክ በ2016፣ የእንግሊዝ ክለቦች በ2022 ሞክረውታል፤ ዶርትሙንድ ላይ 24,000 የሚያልፍ ሰው አሁንም ቆሞ ያያል። የድሮውን ያህል አይገፋም፤ አይገፋምና አንቆጭም።

መጨረሻ ያስቀረናችሁ ጠራጊዎች ናችሁ። በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ ስታዲየም ሜይ 11 ቀን 1985 ከእንጨት ወለል ስር ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ ተቀጣጥሎ 56 ሰዎች ሲሞቱ እሳቱ ጣሪያውን ለመያዝ ደቂቃዎች ብቻ ፈጅቶበታል። እናንተ በየጨዋታው ማግስት ከላይኛው እርከን ጀምራችሁ ወደ ታች፣ መጀመሪያ የብረቶቹን እግር፣ ቀጥሎ የውሃ መውረጃውን፣ ከዚያ መርገጫውን ትጠርጉ ነበር። ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላም፣ አፍራሹ ማሽን በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ጠረጋችሁት። ከውሃ መውረጃው ያገኛችኋቸው ሰባራ ባጆችና ሳንቲሞች በሣጥን ቁጥር አንድ ውስጥ ናቸው፤ መጥታችሁ እዩልን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የደጋፊዎች ኮሚቴ