የሽንት ቱቦው መቼ ነው የሚወጣው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ ውሃ በጀሪካን የሚያጠራቅም ሁሉ ያውቀዋል። ጀሪካኑ ሲቆይ ውስጡ ያሙለጨልጫል። በውሃ ብቻ ቢያለቀልቁት አይለቅም። እኛ ቤት ጠጠርና ኦሞ ጨምረን እንንጠዋለን። ያ ዝልግልግ ነገር የጀርሞች ሰፈር ነው፤ ባለሙያዎቹ ባዮፊልም ይሉታል።

ሽንት እንዲያወጣ ሕመምተኛ ፊኛ ውስጥ በሚገባው የፕላስቲክ የሽንት ቱቦ ውስጥም እንደሚያድር ያወቅሁት አምና አባቴን ሳስታምም ነው። ለኦፕራሲዮን የገባላቸው ቱቦ ሳይወጣ 9 ቀን ቆየ። አሁንም ያስፈልጋቸዋል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ሥራዬ ሽንቱ የሚጠራቀምበትን ከረጢት መድፋት ብቻ ነበር። ከዚያ ሽንታቸው ደፈረሰ፣ ሌሊት ብርድ ብርድ እያላቸው ይንቀጠቀጡ ጀመር። መርፌ ሲወጉ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ መርፌው ሲያልቅ ይመለሳል። በስተመጨረሻ ሽንታቸው ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ፣ ተሠራ። ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ፤ ከተሞከሩበት መድኃኒቶች አብዛኞቹ አይበግሩትም። አባቴ የዳኑት ቱቦው ወጥቶ መድኃኒቱ ከተቀየረ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያዎቹ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፉና ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ሙጫ ያወጣሉ። መድኃኒቱ ከላይ ያሉትን ይገድላል። ከሥር ያሉት ግን ሳይባዙ አድፍጠው ይቆያሉ፤ ብዙው አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚበረታው የሚባዛ ጀርም ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ያለን ጀርም ለመግደል አንዳንዴ እስከ 1,000 እጥፍ መድኃኒት ሊጠይቅ ይችላል። ያን ያህል ሰው አይችለውም። ተጠጋግተው ስለሚኖሩም መድኃኒት የመቋቋም ችሎታቸውን ይቀባበላሉ።

ቱቦው በቆየ ቁጥር አደጋው በየቀኑ ይጨምራል። ነርሶቹን አልወቅስም፤ አንዷ ለስንት ሕመምተኛ እንደምትሮጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የደሴና የኮምቦልቻ ሆስፒታሎችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ቱቦው የገባበት ቀን ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ሐኪሞቹ ጠዋት ራውንድ ሲወጡ "ዛሬ ይውጣ?" ብለው ይጠይቁ።

አስታማሚዎች ሆይ፣ እናንተም ጠይቁ፤ ድፍረት አይደለም። ከረጢቱን ከሕመምተኛው የሽንት ፊኛ በላይ አታንሱት፣ ሽንቱ ወደኋላ ይመለሳል። መሬትም አታስቀምጡት። ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ። ቱቦውን ግን በጭራሽ ራሳችሁ አትሳቡት። ጫፉ ላይ ውስጥ ገብቶ በውሃ የተነፋ ኳስ አለ፤ ሳይተነፍስ ከተሳበ ሰው ይጎዳል። ነርስ ጥሩ።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር