መሶቡን ያስቀረው ክብደቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ ስለ አገራችን የወጪ ንግድ በሚያወጣቸው ዘገባዎች ቡና፣ ወርቅ፣ አበባና ሰሊጥ ተደጋግመው ይነሣሉ፤ ከሚያስገኙት የውጭ ምንዛሪ አንጻርም ተገቢ ነው። የሽመናና የስፌት ሥራ ሲነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው «ገበያ አጣ» ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ችግር ከዚህ ይለያል። ገበያው ተገኝቶ፣ ገዢው በዋጋው ተስማምቶ፣ ዕቃውም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የመላኪያው ሒሳብ ሲነገር ሁሉም ነገር ሲፈርስ ላለፉት ስድስት ዓመታት በራሴ ሥራ ላይ ሳየው ቆይቻለሁ።

የምኖረው ጉለሌ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ነጠላ፣ ጋቢና ሻርፕ፣ ከሠፈራችን ስፌት ሰፊ እናቶች ደግሞ መሶብ፣ ሙዳይና ሰፌድ እየተረከብኩ በኢንተርኔት ለውጭ አገር ገዢዎች እሸጣለሁ። ከገዢዎቼ የሚበዙት በሜሪላንድ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልምና በቴል አቪቭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። በወር የምልከው ጥቅል ከሃያ አይበልጥም፤ ሆኖም በዚያ ሃያ ጥቅል ውስጥ የፈታይዋ፣ የሸማኔው፣ ዘርፍ የምትቋጨው ልጅና የስፌት ሰፊዋ የወር ገቢ አለበት።

ሥራውን ስጀምር የመላኪያ ዋጋ የሚወሰነው በክብደት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ መሶብ ቤቴ መዝኜ ከነካርቶኑ ሦስት ኪሎ ተኩል ሆኖ ስላገኘሁት በዚያው ሒሳብ አስልቼ ለገዢዋ ዋጋውን ነገርኳት፤ እርሷም ወዲያው ከፈለች። ፈጣን መልእክት ከሚያደርሱት ድርጅቶች ወደ አንዱ ስወስደው ሠራተኛው ካርቶኑን በሜትር ለካና የዐሥራ አራት ኪሎ ተኩል ክፍያ ጠየቀኝ። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ተከራከርኩ። ወጣቱ ግን በትዕግሥት ወረቀት አውጥቶ አስረዳኝ፤ የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል፤ የተገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የሚከፈለው በእርሱ ነው፤ ቀሪውም ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ይጠጋጋል። የእኔ ካርቶን 40 በ40 በ45 ስለነበረ ብዜቱ 72,000፣ ለ5,000 ሲካፈል ደግሞ 14.4 ይሆናል። ልዩነቱን ከኪሴ ከፍዬ ላክሁት።

አሠራሩ ዓለም አቀፍ ነው። በአውሮፕላን ላይ ቦታም እንደ ክብደት ዋጋ ስላለው ማንንም ለመጉዳት የወጣ ሕግ ነው አልልም። ነገር ግን ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ ለሚልክ ሰው ውጤቱ ከባድ ነው፤ ከዐሥራ አራቱ ኪሎ ውስጥ ከዐሥር የሚበልጠው በመሶቡ ውስጥና ዙሪያ ላለው ባዶ ቦታ የተከፈለ ነው።

ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ጥቅል ልክ፣ ክብደትና ክፍያ በደብተር እይዛለሁ። በዚህ ደብተር የተማርኩትን ለሥራ ባልደረቦቼ ይጠቅም እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። ጋቢ እንደ ልማዳችን ታጥፎ ካርቶን ሲገባ 40 በ35 በ15 ይሆንና የአራት ኪሎ ተኩል ዋጋ ይጠየቅበታል፤ አየሩ በሚወጣለት ላስቲክ ተጨምቆ 35 በ30 በ8 ሲደርስ ግን ክፍያው ወደ ሁለት ኪሎ ይወርዳል፤ ይህም ጋቢው በእውነት የሚመዝነው ያህል ነው። ጥጡ ገዢው ዘንድ ደርሶ አንድ ቀን ከተሰጣ በኋላ እንደነበረ ይመለሳል፤ ጥለቱን የሚጎዳው አጣጥፎ መጫን እንጂ አየሩን ማውጣት አይደለም፤ ስለዚህ ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርጌ በስስ ወረቀት እለየዋለሁ። ነጠላ ከዚህም ይቀላል፤ ሦስቱ በአንድ ላይ ከአንድ ኪሎ አያልፉም። የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ምንጊዜም ውዱ ስለሆነና ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ እየቀለለ ስለሚሄድ፣ በአንድ ከተማ የሚኖሩ እኅትማማቾች ወይም ጓደኛሞች ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ በአንድ ላይ እንዲያዙ አበረታታለሁ።

«መላኪያ በነጻ» የሚለውን ማስታወቂያም ሞክሬዋለሁ። ክፍያውን በነጠላው ዋጋ ውስጥ ሳካትተው ነጠላው ከጎረቤት ሱቅ እጥፍ የሆነ መሰለ፤ ሦስት የገዛችው ደንበኛም ለአንድ ጥቅል የመላኪያ ክፍያ ሦስት ጊዜ ከፈለች። ይህ ለእርሷ ያልተገባ ስለሆነ ተውኩት። የዕቃውን ዋጋና የመላኪያውን ዋጋ ለየብቻ፣ ገና ከመነሻው አሳይቶ መሸጥ ሽያጩን ቢያዘገየውም ደንበኛን ያቆያል ብዬ አምናለሁ።

መሶቡ ግን በዚህ ሁሉ አልተፈታም። መሶብ አይጨመቅም። መሶቡን የምትሰፋልኝን እማማን እግሩን ለብቻው ሰፍተው ከመሶቡ ሆድ ውስጥ የሚገባ እንዲያደርጉት ለምኛቸው ነበር። መጀመሪያ ሲሰሙኝ ወስፌያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እግር የሌለው መሶብ እኮ ሙዳይ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መሶብ ከነእግሩ፣ ከነሆዱና ከነክዳኑ አንድ ዕቃ ነው። ቢሆንም ከሁለት ሳምንት በኋላ እግሩ በጠፍር የሚታሰር አንድ ሠርተው አሳዩኝ፤ አለላው ከአለላው ጋር የሚገጥምበት መስመር በዓይን አይለይም ነበር። የካርቶኑ ቁመት ከ45 ወደ 28 ወረደ፤ ክፍያውም ከዐሥራ አራት ኪሎ ተኩል ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሆነ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም ሦስት ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ዕቃ ዘጠኝ ኪሎ መክፈል አሁንም ገዢውን ያሸሻል። በዚህ ምክንያት እኒያው እናት፣ አክርማና ስንደዶ መርጠው፣ ቀለም ነክረው፣ አንድ መሶብ ወር ሙሉ የሚሰፉት ባለሙያ፣ አሁን በአብዛኛው የሚሰፉልኝ ጠፍጣፋ የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው። ፖስታ ውስጥ ስለሚገባ ይሸጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የትኛው የእጅ ሥራችን ለልጅ እንደሚተላለፍና የትኛው እንደሚቀር እየወሰነ ያለው የመላኪያ ታሪፍ ነው። ከእርሳቸው ጋር የሚሰፉት ሁለቱ ወጣቶች የብርጭቆ ማስቀመጫውን ችለዋል፤ የመሶቡን ሆድ ማበጀት ግን የሚማሩበት ትእዛዝ የለም።

ከዚህ ላይ ሁለት ዱብ ዕዳዎች ተጨምረዋል። የመጀመሪያው የምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለላኪ ጥሩ ነው ይባላል፤ ለእኔም በዶላር የምሸጠው በብር ሲመነዘር አድጓል። ነገር ግን የፈጣን መልእክት ዋጋ ከዶላር ጋር የሚሄድ ስለሆነ አብሮ ዘለለ፤ ድርና ማጉም እንዲሁ።

ሁለተኛው የአሜሪካው ነው። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 29 ቀን 2025) ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ቆሟል። በዚያን ሰሞን የዓለም የፖስታ ኅብረት እንዳስታወቀው 88 የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ የሚልኩትን ጥቅል በሙሉ ወይም በከፊል አቁመው ነበር። ከዚያ በኋላ የላክሁት አንድ ጥቅል ገዢዋ በር ላይ ደርሶ ያልጠበቀችው ቀረጥ ሲጠየቅባት አልቀበልም አለች፤ ዕቃው ተመለሰ፤ የመመለሻውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ገዢዋን አልወቅስም፤ አስቀድሞ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አሁን ቀረጥ ሊኖር እንደሚችል ትእዛዝ ከመቀበሌ በፊት በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ በጥቅሉ ላይም «ስጦታ» ወይም «ልብስ» ብሎ በደፈናው ከመጻፍ ይልቅ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ነጠላ መሆኑን ገልጬ፣ ለነጠላና ለሻርፕ 6214፣ ለስፌት ሥራ 4602 የሚለውን የጉምሩክ ምድብ አስቀምጣለሁ። ምድቡ በትክክል የተጻፈ ጥቅል ጉምሩክ ላይ የሚቆይበት ጊዜ እንዳጠረልኝ ደብተሬ ያሳያል።

«በመንገደኛ ለምን አትልኪም?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ልኬያለሁ። ወገን ለወገን ሻንጣ መካፈል የኖርንበት ደግ ልማድ ነው፤ ለቤተሰብ ስጦታ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ለንግድ ግን አይሆንም። አንድ ጊዜ የመንገደኛዋ ሻንጣ ከ23 ኪሎ በለጠና በመጨረሻው ሰዓት ስድስት ነጠላዎቼ ወጥተው ለሸኚው ወንድሟ ተሰጡ፤ ለሠርግ ታዘው ስለነበር ሠርጉ ያለ እነርሱ አለፈ። ከዚህም በላይ የሰው የንግድ ዕቃ የያዘች እኅት ጉምሩክ ላይ የምትጠየቀውን ጥያቄ በእርሷ ላይ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። በሻንጣ የሄደ ዕቃ በአገራችን የወጪ ንግድ መዝገብ ላይም አይታይም፤ ስለዚህ «እንዲህ ያህል እንልካለን» ብለን ቅናሽ የምንጠይቅበት ማስረጃ ራሳችን እናጠፋለን።

ቅናሽ የሚገኘው በብዛት ነው። ፈጣን መልእክት የሚያደርሱ ድርጅቶች ብዙ ለሚልክ ደንበኛ በውል ዋጋ ይቀንሳሉ፤ እኔን መሰል ሻጭ ግን መስኮት ላይ ቀርቦ የሚከፍለው ሙሉውን ነው። አምስት ሆነን በአንድ ሰው ስም ለመላክ ሞክረን ነበር። ክፍያው ቀነሰ፤ ነገር ግን የአምስታችን ሽያጭ በአንዷ ንግድ ፈቃድ ላይ ስለታየ የግብሩም የጉምሩክ ኃላፊነቱም በእርሷ ላይ ወደቀና ተበተንን። በሕግ የታወቀ የሻጮች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሞ፣ እያንዳንዱ ሽያጩን በራሱ ስም እያስመዘገበ በጋራ ውል የሚልክበት መንገድ እንዲመቻች የሚመለከታቸው አካላት እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ተስፋ የማደርገው ግን በፖስታ ነው። ፖስታ በአገራችን ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ፣ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮም በዓለም የፖስታ ኅብረት አባልነት የታወቀ ተቋም ነው፤ ኅብረቱ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ልዩ ጉባኤውን ያካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነበር። ብራዚል ከሃያ ዓመታት በፊት «ኤክስፖርታ ፋሲል»፣ ማለትም «ቀላል ኤክስፖርት» የተባለ አሠራር ዘረጋች። አነስተኛ ሻጭ ዕቃውን ፖስታ ቤት ያስረክባል፤ አንድ ቀላል ቅጽ ይሞላል፤ የጉምሩኩን ሥርዓት ፖስታው ራሱ ይጨርስለታል፤ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) መቅጠር አያስፈልገውም። ፔሩ በ2007 እ.ኤ.አ. ተከተለቻት፤ ከዚያም ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ኡራጓይ። እኔ በምልክባቸው መስኮቶች እንዲህ ያለ አሠራር አልገጠመኝም፤ ለአንድ ካርቶን ስፌት የተጠየቅሁት ወረቀት ለአንድ ኮንቴይነር ቡና ከሚያስፈልገው ብዙም ያነሰ አልመሰለኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬ የተወሰነ ነው። ኢትዮጵያ ፖስታና የጉምሩክ ኮሚሽን ለእጅ ሥራ ውጤቶች እንዲህ ያለ አንድ መስኮት ይክፈቱልን፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2016 ዓ.ም. በቦሌ ለኢ-ኮሜርስ ዕቃ የተለየ የጭነት ማዕከል ያስመረቀ እንደመሆኑ፣ ወደ ውጭ ለሚወጣ ቀላልና ሰፊ ዕቃ፣ በተለይ ለስፌት ሥራ፣ በስፋት ሳይሆን በእውነተኛ ክብደት የሚሰላ የሙከራ ታሪፍ በተወሰኑ መዳረሻዎች ላይ ቢያወጣ ምን ያህል ጥቅል እንደሚንቀሳቀስ በስድስት ወር ውስጥ ሊታይ ይችላል። ነጻ ማጓጓዣ አልጠየቅሁም። ለሦስት ኪሎ ተኩሉ መሶብ የአምስት ኪሎ ቢጠየቅ እንኳ በደብተሬ ከተመዘገቡት ያልተሳኩ ትእዛዞች ግማሽ ያህሉ ይሳኩ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ገዢዎቹ «እስከዚህ ድረስ እችላለሁ» ብለው የጻፉልኝን መጠን በየስማቸው አኑሬዋለሁ።

ይህንን ደብተር፣ የገዢዎቼን ስም ሸፍኜ፣ ለዝግጅት ክፍላችሁም ሆነ ጉዳዩን ለማጥናት ለሚፈልግ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። ጋዜጠኞቻችሁም ጉዳዩን ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች ጠይቀው ምላሹን ቢያስነብቡን እጅግ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእጅ ሥራ ውጤቶች ሻጭ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ