“አረንጓዴ ነዳጅ” ከማለታችሁ በፊት ማሳውንና ወንዙን እዩልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ባዮፊውል፣ ማለትም ከዕፅዋት ስለሚወጣ ነዳጅ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። እኔም በዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቴን የምሠራው በዚሁ ላይ ነው፤ ከአገዳና ከጉሎ የሚወጣ ነዳጅ በአካባቢው ላይ ምን ትቶ እንደሚያልፍ አጠናለሁ። ጽሑፋችሁ ግን “አረንጓዴ ነዳጅ” የሚለውን ስም እንዳለ ተቀብሎታል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

የተወለድኩት ወላይታ ነው። የእኛ አገር ሰው “አረንጓዴ” ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው አረንጓዴ ረሃብ ነው። ማሳው ለምልሞ፣ ዛፉ ቅጠል ለብሶ፣ ቤት ውስጥ ግን የሚቀመስ ሲጠፋ እንደዚያ ይባላል። በ2000 ዓ.ም ያየነው ይህንኑ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀረ። ኋላ ሲዘንብ ምድሩ ሁሉ ለመለመ፤ እህል ግን አልነበረም።

የጉሎው ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። መንግሥት የባዮፊውል ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር። ኩባንያዎች ከገበሬ ጋር ውል ይገቡ ጀመር። አባቴም ፈረመ። ዘርና ማዳበሪያ ይሰጡታል፣ ፍሬውን መልሰው ይገዙታል። ግማሽ ጥማድ መሬት ላይ ጉሎ ተከለ። መሬቱ ጾም ያደረ አልነበረም። ስኳር ድንችና በቆሎ የምናወጣበት ነው። ጉሎን ድሮም እናውቀዋለን፤ እናቴ ፍሬውን ወቅጣ ምጣድ ታስስበታለች። ማሳ ሙሉ ጉሎ ግን ምን ይደረጋል? አይበላም። መርዝ ስላለው ለከብትም አይሰጥም። ምርቱ እንደተባለው አልሆነም። ገዢዎቹ መጀመሪያ ዘገዩ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፉ። አባቴ ነቅሎ ለማገዶ አደረገው።

ረሃቡን ያመጣው ጉሎ ነው አልልም። ዝናብ ነው የቀረው። ግን ስኳር ድንች ደረቅ ወር የሚያሻግር ሰብል ነው። ያ ግማሽ ጥማድ በእጃችን ቢኖር ኖሮ እኔና ታናናሾቼ በቀን አንዴ እየበላን ትምህርት ቤት አንሄድም ነበር።

አሁን በሙያዬ የማየው ይህንኑ ነው። የአንድን ነዳጅ ጉዳትና ጥቅም ስታሰላ ከየት ጀምረህ የት እንደምታቆም መወሰን አለብህ። ከመኪናው ጭስ ማውጫ ከጀመርክ ከአገዳ የሚወጣው አልኮል፣ ኤታኖል፣ ግሩም ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን አገዳው ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው። ከማሳው ስትጀምር ግን “እዚህ መሬት ላይ ቀድሞ ምን ነበር?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ረግረጋማ ደን ተመንጥሮ ለባዮዲዝል፣ ማለትም ከዘይት ለሚሠራ ናፍጣ፣ ፓልም ቢተከል፣ ከአፈሩና ከዛፉ የሚወጣውን ካርቦን ለማካካስ ከ400 ዓመት በላይ ይፈጃል ይላል። እኛም አገር፣ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ለጉሎ ተብሎ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ መሬት ተመንጥሯል። ዝሆኖቹን ያስጠጋ ቁጥቋጦ ተነሥቶ የመጣ ዘይት አረንጓዴ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ከሞላሰስ የሚወጣው ኤታኖል ይሻላል። ይህን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ሞላሰስ የስኳር ተረፈ ምርት ስለሆነ አዲስ ማሳ አይጠይቅም። ፊንጫን የመሰሉ የስኳር ፋብሪካዎች ያመረቱት ኤታኖል ነው ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለው።

እዚህ ግን ሌላ ጣጣ አለ። አረቄ የምታወጣ እናት በደንብ ትረዳኛለች። አረቄው ሲወጣ አተላ ይቀራል። ኤታኖልም እንደዚያው ነው፤ ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 15 ሊትር አተላ ይተርፋል። ኤታኖሉ ከሚነጠርበት ዕቃ ሲወጣ ትኩስ ነው። ይኮመጥጣል፤ መልኩ እንደ ቡና አምቡላ የጠቆረ ነው። ከአንድ ፋብሪካ በታች ካለ ወንዝ ናሙና ቀድቼ በበረዶ ሳጥን ይዤ ተመልሻለሁ። ምርመራው ናሙናውን በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን አቆይቶ ውሃው ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንዳለቀ መለካት ነው። መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ጠርሙስ በአምስተኛው ቀን ምንም ኦክስጅን አልቀረውም። ናሙናውን በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ ማቅጠን ነበረብኝ። ዓሣ በዚያ ውሃ ውስጥ አይተነፍስም። ናሙናውን ስቀዳ ግን ትንሽ ወረድ ብሎ ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ አንድ ልጅም ጥጆች ያጠጣል። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። ብራዚል ይህን አተላ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ፖታሽየም ስላለው ተመጥኖ ለአገዳው ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ባዮጋዝም ይወጣዋል። የሚያስፈልገው ገንዘብና የሚቆጣጠር ሰው ነው።

ኤታኖሉ የት ይግባ የሚለውም መጠየቅ አለበት። በሊትር ሲለካ ጉልበቱ ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። አሁን የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ወጥ ቤት ግን ዛሬም በጭስ ታፍኗል። ጅግጅጋ አጠገብ በቀብሪ በያህ የስደተኞች ካምፕ ሴቶች በኤታኖል ምድጃ ሲያበስሉ ማገዶ ፍለጋ ሩቅ መሄዳቸው ቀንሶ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ያለችን ትንሽ ኤታኖል መጀመሪያ ለእነሱ ይድረስ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ስለ ባዮፊውል ሲነግራችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልን። መሬቱ ላይ ቀድሞ ምን ነበር? አተላው የት ይሄዳል? መልሱንም ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከቦታው ውሰዱ። ጉሎ የተከሉ ገበሬዎች ዛሬም አሉ። አባቴ የፈረመበትን ውል በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦታል። ማየት የሚፈልግ ዘጋቢ ካላችሁ አብሬው እሄዳለሁ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከወላይታ