ዘፈኑ ላይ ስማችሁ ላልተጻፈ ሁሉ

እንደምን አላችሁ? እኛ ነን፣ ሦስቱ የዶሮ ማነቂያ ልጆች። ነጠላ ዜማችን ከወጣ በኋላ «እንኳን ደስ አላችሁ» ላላችሁን ሁሉ አንድ በአንድ መመለስ አልቻልንም። እግዜር ይስጥልን። ዛሬ የምንጽፈው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ዘፈኑን ስንለቀው ከሥሩ የጻፍነው የሦስታችንንና ሚክስ ያደረገልንን ልጅ ስም ብቻ ነበር። አፍረናል። ሥራውን የሠራው ሰፈሩ ነው።

መጀመሪያ እማማ። የቀዳነው እሳቸው ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። 2015 ክረምት ላይ። ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፈንነው። ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው፤ ምን ይደረጋል? ዝናብ ሲጀምር ማይኩ እኛን ትቶ እሱን ይሰማል። ስለዚህ ሰማይ ሰማይ እያየን ነበር የምንሠራው። ሲያባራ ሩጫ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እማማ በሩን ገፋ አድርገው «ምነው ልጆቼ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አሉ። ራፕ ነው አልናቸው። ቁጭ ብለው ሙሉውን አዳመጡ። ሲያልቅ «ጥሩ ነው። ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ይሄ ነገር ከየት መጣ ሲሉን ደግሞ ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ አንዲት ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ብር ፈልጋ፣ በሚኖሩበት ሕንፃ ድግስ አዘጋጀች፤ ሙዚቃውን ወንድሟ አጫወተ። ሂፕ ሆፕ የተወለደው በዚያ ማታ ነው ይባላል። እማማ ትንሽ አሰቡና «ለልብስ ከሆነማ ይሁን» አሉ። ለሚክስ ብር ሲያጥረን እቁብ ወጥቶላቸው ነበር፤ አበደሩን። ወረቀት እንኳን አላስፈረሙንም።

አንተ የአራት ኪሎው ረዳት፣ ስምህን ሳንጠይቅህ ቀረን። «ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ፣ አንድ ሰው!» ስትል በስልክ የቀዳንህ እኛ ነን። አስፈቅደንሃል፤ «ለቲክቶክ ነው?» ብለህ ስቀህ ነበር። የቢቱን ፍጥነት የወሰድነው ካንተ ጥሪ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስናስቀምጠው አንዷ «ፒያሳ» ከሌላዋ ዝንፍ አትልም። መግቢያው ላይ ያለው ድምፅ ያንተ ነው። ድርሻ አለህ፣ ብቅ በል።

ጋሼ፣ ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህራችን፣ ግጥሙን አሳይተንዎት በቀይ እስክሪብቶ ጨረሱት። «መጣሁ፣ ወጣሁ፣ በላሁ... ግሥ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት ቋንቋ ይዛችሁ በ‹ሁ› መዝጋት ምን ይከብዳል? ይሄ ቤት መምታት አይደለም፣ በር ማንኳኳት ነው» አሉን። ያኔ ተናደን ነበር። አሁን እውነትዎን ነው። «ገና ነኝ» የምትለዋንም መስመር ያዳኑልን እርስዎ ነዎት። ምቱ «ና» ላይ ሲያርፍ እኛ ሳናውቀው እናጠብቀው ነበር፤ ‹አልደረስኩም› ማለታችን ቀርቶ የገና በዓል ሆነን አረፍን። ቃሏን አንድ ምት ወደፊት ገፋናት፣ ላላች።

ከበሮ መቺው ወንድማችን «እናንተ በአራት ትቆጥራላችሁ፣ ችክችካ በስድስት ነው፤ እንዴት እንታረቃለን?» ሲል ሁለት ቀን ተከራክረናል። ፍቺው ቀላል ሆኖ ተገኘ። አራቱን ምት ሦስት ሦስት ቦታ ከፈልናቸው፤ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ደግሞ ሁለት ስድስት ነው። ክራሩም እንዲሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ቤዝ ጋር አልገጥም አለ። ተጫዋቹ የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ የማሽን ድምፅ አያዘውም። በመጨረሻ ክራሩን አልነካንም፤ ቤዙን ዝቅ አድርገን ወደሱ አመጣነው። ሁለታችሁም የታክሲ እንኳን አልተቀበላችሁንም።

ፀጉር አስተካካዩ ጀለሳችን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ከጄኔሬተርህ በኤክስቴንሽን ስለሳብን አንተንም እናመሰግናለን። ደንበኛህ ግማሽ ፀጉሩን ተላጭቶ የጠበቀበትን ቀን አንረሳም።

2016 ላይ ሰፈሩ ፈረሰ። እሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዳችን አራብሳ፣ ሁለታችን ሌላ ጫፍ ገባን። እዚህ ላይ አናለቅስም፤ ይሄ የምስጋና ደብዳቤ ነው። እቃ ስንጭን ግን ሥራው ሁሉ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከአይሱዙው ላይ ወደቀ። ማን እንደጣለው አንናገርም፣ እሱ ራሱ ያውቃል። ስንሰካው ኪክ ኪክ ይላል። የአራት ኪሎው ኮምፒውተር ጠጋኝ ገና ድምፁን ሲሰማ ነቀለው። «እንዲህ ሲል ደጋግማችሁ ካበራችሁት ትገድሉታላችሁ» አለን። ሦስት ሌሊት ለፍቶ ከበሮውን፣ ክራሩን፣ ረዳቱንና የመጀመሪያውን ግጥም አወጣልን። ሁለተኛው ግጥም ቀረ። እጅህ ይባረክ።

የቀረውን ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ከፍተን፣ ጭንቅላታችንን ኮቶቹ መሃል ከተን ቀዳነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ግጥም ከበስተኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ የሚሰማው፤ በሁለተኛው ግን የለም። አንድ አድማጭ «ዝናቡ የጠፋው የሰፈሩን መጥፋት ለማሳየት ነው፣ አይደል?» ብሎ ጽፎልን ነበር። «አዎ» አልነው። ይቅርታ ወንድማችን፣ ዋሽተንሃል። ዲስኩ ወድቆ ነው።

እማማ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ታንብብልዎት። የእቁቡን ብር ቅዳሜ ይዘን እንመጣለን። ስፒከርም እንይዛለን። ዘፈኑ የሚጀምርበትን ቦታ እናሳይዎታለን፤ ቡናውን ብቻ ያፍሉ።