ቁልፉ እንጂ መልእክቱ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ቻይናና ደቡብ አፍሪካ በሳተላይት ስላደረጉት የኳንተም (በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች ጠባይ የሚሠራ) የምስጢር ልውውጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እንዲህ ያለ ጉዳይ ማንሣታችሁ ያስመሰግናል። መልእክቱ ራሱ በማይደፈር ብርሃን ተጓዘ ማለታችሁ ግን ዕድሜዬን በማይክሮዌቭ ማማ ላይ የጨረስሁትን ጡረተኛ ዝም አላሰኘኝም።

በዚያ ብርሃን የሚሄደው ቁልፍ ነው፤ መልእክት የሚቆለፍበትና የሚፈታበት፣ በራሱ ግን ትርጉም የሌለው የዜሮና የአንድ ድርድር። እያንዳንዱ ቁጥር ቀጥ ብላ፣ ተጋድማ ወይም ዘንበል ብላ በምትርገበገብ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ላይ ይጫናል። ሰላይ መንገድ ላይ ጠልፎ ሊለካት ቢሞክር አቅጣጫዋን በግምት መምረጥ ስላለበት ያዛባታል። ሁሉንም ቢጠልፍ ከቁልፉ አንድ አራተኛው ተሳስቶ ይገኛል። ላኪና ተቀባይ ጥቂቱን በግልጽ ያመሳክራሉ፤ ስሕተቱ ከበዛ ቁልፉን ይጥሉታል። መልእክቱ በንጹሕ ቁልፍ ተቆልፎ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በተራው የመገናኛ መስመር።

ከሁሉ በላይ የዘለላችሁት ሳተላይቷን ነው። የቻይናዋ ሳተላይት ጂናን-1 ከቤጂንግ ጋር አንድ ቁልፍ፣ ከደቡብ አፍሪካዋ ከተማ ከስቴለንቦሽ ጋር ሌላ ቁልፍ ታበጅና ሁለቱን ታገናኛለች። በ12,900 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉት ሁለቱ ወገኖች ምስጢራቸውን ሲካፈሉ ሦስተኛዋ እሷ ናት፤ ሁለቱንም ቁልፎች ታውቃለች። ሳተላይቷን ማመን የማያስፈልግበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የሌላዋ የቻይና ሳተላይት የሚሺየስ ሙከራ የተጠላለፉ፣ ማለትም የአንዷ ልኬት ከሌላዋ ጋር የሚዛመድ ጥንድ ቅንጣቶችን 1,120 ኪሎ ሜትር ለተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች አድርሷል፤ ቁልፉን ጣቢያዎቹ ራሳቸው ከልኬታቸው ስለሚያወጡት ሳተላይቷ አታውቀውም። የደቡብ አፍሪካው ግን በዚህ መንገድ አልተሠራም።

የመሣሪያው ነገርም አለ። ሳይንቲስቶቹ ቤኔትና ብራሳር ይህን የቁልፍ መላኪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 ካወጡ በኋላ በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩት ብርሃኑ አየር ላይ የተጓዘው 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ብርሃኑን የሚያዞረው መሣሪያ እንደ አቅጣጫው የተለያየ ድምፅ ያሰማ ስለነበር፣ ብራሳር ራሱ ሥራችን አስተማማኝ የነበረው ጆሮው ለማይሰማ ሰላይ ነው ብሎ ቀልዷል። የፊዚክስ ሕግ መንገዱን ይጠብቃል እንጂ ሣጥኑን አይጠብቅም።

ስለ አየሩ እኔም የማውቀው አለኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ አንድ መሥሪያ ቤት 800 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ሕንፃዎቹ ጣሪያ ላይ በብርሃን የሚነጋገሩ ሁለት ሣጥኖች አስተክሎኝ ነበር። ተራ መሣሪያ ነው፤ ኳንተም የሚባል ነገር አልነበረበትም። በጋውን ያለ እንከን ሠራ። ሐምሌ ሲገባ ግን ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስኪገለጥ፣ አንዳንድ ቀን እስከ አራት ሰዓት ድረስ፣ መስመሩ ይሞታል። ዘበኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ መስተዋቱን በፎጣ ከወለወለ በኋላ ይደውልልኛል፤ «ጋሼ፣ ዛሬም ዐይኗን ሞራ ጋርዷታል!» ስንት ጊዜ ሞራው መስተዋቱ ላይ ሳይሆን አየሩ ላይ ነው ብዬ ነገርሁት፤ መወልወሉን ግን አልተወም።

እኔ ቢጨንቀኝ የጨረሩን ኃይል ከፍ አደርግ ነበር። በኳንተሙ ይህ አይቻልም። ብርሃኑን ማፈርጠም ማለት ለሰላዩም ቅንጣት መትረፍ ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ቅጂ አውጥቶ ማጉላትንም ተፈጥሮ ራሷ ትከለክላለች። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ካናሪ ደሴቶች እንዲህ ያለውን ቁልፍ በአየር ላይ 144 ኪሎ ሜትር አሻግረው የሞከሩት ሰዎች ከላ ፓልማና ከቴኔሪፍ ተራሮች አናት ላይ የተቀመጡት፣ ያውም በሌሊት፣ ለመዝናናት አይደለም። የፀሐይ ብርሃን ከእነዚያ ብርቅ ቅንጣቶች ጋር ተደባልቆ መቀበያውን ያሳውረዋል።

በሚቀጥለው እትም እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል። ቦታ ከጠበባችሁ ስለ ጉሙ ያወራሁትን ቁረጡት፤ የሳተላይቷ ግን ይቅር አይባልም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የቴሌኮም ቴክኒሽያን፣ አዲስ አበባ